የዓመቱ ዓሣ

መምህር አራማኪ ፏፏቴ ሥር ቆሞ ሲጸልይ የሚያሳየው ያ ዝነኛ ፎቶ ሲነሣ እኔ ፎጣ ይዤ ከዛፍ ጀርባ ቆሜ ነበር። ዓይኑን ጨፍኗል፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አገናኝቷል፣ ነጭ ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቋል። ፎቶውን ያየ ሁሉ «ይህ ሰው ከተራራው ጋር ይነጋገራል» ይላል። እኔ የሰማሁት ግን ከፎቶ አንሺው ጋር ሲነጋገር ነው። «ቶሎ በል! ቶሎ በል፣ ሞትኩ!» ነበር የሚለው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ፎጣዬን ነጥቆ ወደ መኪናው ሮጠ፤ ማሞቂያው እንዳይቀዘቅዝበት ሞተሩን ሳያጠፋ ነበር የተወው።

ስሜ ኩኒኤ ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ካራታኒ በምትባለው መንደራችን ተወልጄ፣ እዚሁ የሸክላ ጭቃ ስረግጥ አርጅቻለሁ። አራማኪ ከቶኪዮ መጥቶ የመንደሩን አሮጌ እቶን ከገዛ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ጭቃ የምረግጠው ለእሱ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጡ የሸክላ ዛፎች ይሠራል። ቅርፊታቸው የእውነት ቅርፊት ይመስላል፤ ለምን አይመስል፣ እርጥቡ ጭቃ ላይ የሚጫነው የእውነት ቅርፊት ነው። «የተራራው እስትንፋስ ቁጥር አንድ» ብሎ ጀምሮ ያኔ ቁጥር አርባ ሦስት ደርሶ ነበር። ተራራው ይህን ሁሉ ሲተነፍስ አንድ ቀን እንኳ አለማሳሉ ይገርመኛል።

ዛፎቹ ውብ ናቸው፤ አልዋሽም። ችግሩም እሱ ነው።

እኛ የምናውቃት የተራራዋ እመቤት ውብ ነገር አትወድም። ፉንጋ ናት። ፉንጋነቷንም ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ከእሷ የሚያምር ነገር ስታይ ደሟ ይፈላል። በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዛፎቿን ስለምትቆጥር ማንም ወደ ጫካ አይገባም፤ የገባ ከዛፍ ጋር ተቆጥሮ እዚያው ይቀራል። ያን ቀን ከጫካው አፋፍ ባለችው ትንሽ መቅደሷ ፊት ተሰብስበን ኦኮዜ እናቀርብላታለን። ኦኮዜ ማለት አፉ የተቦደሰ፣ ገላው ሁሉ እሾህና ኪንታሮት የሆነ የባሕር ዓሣ ነው። እሱን ስታይ «ለካ ከእኔም የባሰ አለ!» ብላ ደስ ይላታል። ደስ ካላት ደግሞ እንጨት ቆራጮቻችንን ዓመቱን ሙሉ አትነካቸውም።

ሌሎች የተራራ መንደሮችም ዓሣ ያቀርባሉ። እኛ ግን ከባሕር ስለራቅን ዓሣውን በሸክላ ነው የምንሠራው። የካራታኒ ሰው ደግሞ ነገረኛ ስለሆነ ዓሣው ላይ መልክ ጨመረበት። በየዓመቱ ከመንደሩ ሰው ሁሉ በላይ የተኮፈሰው ማን እንደሆነ የእቶኑ እሳት ጠባቂ ለብቻው ይወስናል፤ የዚያን ሰው መልክ ለዓሣው ይሰጠዋል። ዓሣው በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ይቆይና በቀኑ መቅደሱ ፊት ይፈታል። ባለ መልኩ በገዛ አፉ «እኔ ነኝ» ብሎ መሳቅ አለበት። ከዚያ ሁላችንም እንስቃለን፣ እመቤቲቱም ትሰማለች፣ ባለ መልኩም አንድ በርሜል የሩዝ መጠጥ፣ ሳኬ፣ ያወርዳል። እስካሁን «እኔ አይደለሁም» ብሎ የሄደ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ዛሬ የሚኖረው ኦሳካ ነው።

እሳት ጠባቂው ታላቅ ወንድሜ ታሱኬ ነው። እንጨት ቆራጩ ጎንቤ የወርቅ ጥርስ ያስተከለ ዓመት ዓሣው ጥርሱን አግጦ ወጣ። የወረዳው ሹም አዲስ መኪና ገዝቶ ሃምሳ እርምጃ ወደማይሞላው ፖስታ ቤት በመኪና መሄድ የጀመረ ዓመት ዓሣው አገጩን ወደ ሰማይ ቀስሮ ወጣ። በዚህ ሁሉ ዘመን የእኔ መልክ አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ብቻ ነው።

የታሱኬ ስም ግን በምንም ነገር ላይ የለም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ስድሳውን ዓመት የሌላውን ሰው ሸክላ ሲያነድ ኖሯል። ሸክላው አምሮ ሲወጣ የሠሪው ስም በእንጨት ሣጥን ክዳን ላይ በቀለም ይጻፋል። ተሰንጥቆ ሲወጣ ደግሞ «ታሱኬ እሳቱን አበዛው» ይባላል። ያኔ ዓይኑን ደመና መሸፈን ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሐኪሙ አይመለስም ብሎታል። የእሳቱን ቀለም ማየት ስለተሳነው ጆሮውን አዘንብሎ በድምፁ ነበር የሚለየው። የእኔ ምኞት አንድ ነበረ፦ ጨርሶ ሳይጨልምበት ስሙ አንድ ግድግዳ ላይ ተጽፎ እንዲያየው።

ታዲያ ያ የፏፏቴው ፎቶ በተነሣበት ዓመት፣ በመጸው፣ እቶኑ ተሞላ። እሳት ከመለኮሱ በፊት ለእቶኑ ጨውና ሳኬ ይቀርባል። ታሱኬ ሲያደርገው ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ ያበቃል። አራማኪ ግን ካሜራ ጠርቶ ስለነበር አራት ጊዜ አቀረበው፤ አንዴ ብርሃኑ፣ አንዴ ነፋሱ፣ አንዴ የልብሱ እጥፋት ልክ አልሆነም እየተባለ። በአራተኛው ጨው አለቀና ከእኔ ኩሽና ተጨመረ። እቶኑ ያን ዓመት የበላውን ጨው ያህል ሽማግሌ ቢበላ ደም ግፊት ይጥለው ነበር።

ታሱኬ በበኩሉ ማንም ሳያየው ዓሣውን እሳቱ አፍ አጠገብ፣ አመድ በሚከመርበት ጥግ ደበቀው። ክብር ያለው ሸክላ እዚያ አይቀመጥም። የዓመቱ መልክ የማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያ ፏፏቴ በኋላ ሌላ ማን ሊሆን?

ስድስት ቀን ነድዶ፣ ስምንት ቀን ቀዝቅዞ እቶኑ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። ያን ቀን ሁልጊዜ ታሱኬ ቀድሞ ገብቶ ዓሣውን በሸሚዙ ውስጥ ይዞት ይወጣል። ያን ዓመት ግን ቀደሙት። በቶኪዮ ካለ ትልቅ ሙዚየም ወይዘሮ ሂሳማ የሚባሉ ሴት ለትርኢት የሚሆን ሥራ ሊመርጡ ጎህ ሲቀድ ደርሰው ኖሯል። ጥቁር ይለብሳሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ተራ ድንጋይ ሲያዩም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «የእቶኑን የመጀመሪያ ትንፋሽ መቀበል እፈልጋለሁ» አሉና ከሁላችን ቀድመው ጎንበስ ብለው ገቡ።

ሲወጡ ዓሣው በሁለት እጃቸው ነበር።

«መምህር…» አሉ። «ይሄ… ይሄ ምንድን ነው?»

አመዱ ቀልጦ እንደ አረንጓዴ ንፍጥ ከአፍንጫው ወርዷል። ክንፎቹ ለጸሎት ደረቱ ላይ ተገናኝተዋል። አንዱ ዓይን ተጨፍኗል፤ ሌላው ገርበብ ብሎ ካሜራው የት እንዳለ ሰርቆ ያያል። ራሱ መላጣ ነው። በአራማኪ ግራ ቅንድብ ላይ ያለችው ኪንታሮት እንኳ አልቀረችም። ጎንቤ አንድ ጊዜ አየውና ሳል የያዘው መስሎ ከጓሮ ወዳለው የገል ክምር ሮጠ። እዚያ ደርሶ ሲፈነዳ ሰማሁት።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ እውነት አይቼ አላውቅም» አሉ ወይዘሮ ሂሳማ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አርባ ሦስተኛውን ዛፍ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። «የት ደብቀውት ነበር፣ መምህር?»

አራማኪ ዓሣውን አየ። አሥራ አምስት ዓመት እኛ ዘንድ ሲኖር አንድም የእመቤቲቱ ቀን ተገኝቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ሁልጊዜ ስለ ተራራ መንፈስ ንግግር ሊያደርግ ከተማ ይሄዳል። ዓሣው የማን እንደሆነ አላወቀም። የእሱ እንዳልሆነ ግን በደንብ ያውቅ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዲስ ነገር እየሞከርኩ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ‹ሠራሁት› ማለት ይከብደኛል። በእጄ በኩል ነው የመጣው።»

በእጁ በኩል! ዓይን አውጣ! አፌን ስከፍት ታሱኬ እግሬን ረገጠው። በጎማ ጫማ፣ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ።

«መሬቱ ያዳልጣል፣ ወይዘሮ» አለ ታሱኬ። «ሲወርዱ ይጠንቀቁ።»

ቤት ስንገባ ምሳ አላቀረብኩለትም። የሩዙን ድስት ከድኜ ፊቱ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ምላስህን ማን ቆረጠው? ልጅህን ከእቅፍህ ሲወስዱብህ መንገዱ ያዳልጣል ትላለህ?»

«ዓሣ ነው፣ ልጅ አይደለም። ሌላ እሠራለሁ።»

«በምን እሳት? ቀኑ እኮ ወር አልቀረውም!»

«ጥሬውን ምድጃ ዳር አደርቀዋለሁ። እመቤቲቱ እንደ ሙዚየም ሰው አትመርጥም።»

«እሱስ? የገዛ መልኩን ‹የእኔ ሥራ› ብሎ ሲሸከመው አላፈረም፣ አንተም አልሳቅህም። ሙዚየም ሊያስገባው ነው እኮ! ስሙ ከሥሩ ሊጻፍ ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ የአንተ ስም…»

ታሱኬ ክዳኑን ራሱ ከፈተና በእጁ ዳብሶ ማንኪያውን አገኘ። «አንቺ ኩኒኤ፣ ሰውን ለማዋረድ መሰለሽ የምሠራው? ዘንድሮ ክንዱን ይዤ ወደ መቅደሱ ላመጣው ነበር። ቢስቅ የመንደራችን ሰው ይሆን ነበር። አሥራ አምስት ዓመት እንግዳ ሆኖ መኖር አይሰለችም?» ሩዙን በጨው የተዘፈዘፈ ነጭ ሥር ጨምሮ መብላት ጀመረ። «ስም ደግሞ ዓሣ ላይ አይጻፍም። ተይው።»

እኔ ግን አልተውኩትም።

የዚያ ዓመት የእመቤቲቱ ቀን ዝናብ ዘነበ። ጥሬው ዓሣ ወረቀቱ ሲፈታ ጅራቱ ተልጦ ወረቀቱ ላይ ቀረ። መልኩ የአራማኪ ነበር፤ አራማኪ ግን ቶኪዮ ነበር። «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ጠፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንስቅ ተበተንን። ጎንቤ ጫካውን ዘወር ብሎ እያየ «ይሄ ነገር አላማረኝም» አለ። ሦስት ቀን መጋዙን አላነሣም።

አራማኪ በበኩሉ መከራውን ያይ ነበር። ሙዚየሙ ሁለት ተጨማሪ ዓሣ ጠይቆታል። መስኮቱን በጋዜጣ ሸፍኖ ወር ሙሉ ሠራ። ጭቃውን የምረግጥለት እኔ ስለሆንኩ አይቻለሁ፦ ሠላሳ የሚሆኑ ዓሦች፣ ሁሉም ቀጭን፣ ሁሉም ረጋ ያሉ፣ ሁሉም ለሠርግ የሚቀርቡ። ሰውዬው አስቀያሚ ነገር ማውጣት አይችልም። በመጨረሻ የኬክ ሣጥን አንጠልጥሎ ቤታችን መጣና ጫማውን አውልቆ ታሱኬ ፊት ተንበረከከ።

«አባባ ታሱኬ፣ እርስዎ በዕድሜዎ ብዙ አይተዋል። ፉንጋ ነገር… እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ሰው እያዩ ነው» አለው ታሱኬ።

«ማንን?»

ወንድሜ ደመና የዋጠው ዓይኑን ወደ እሱ አዞረ። «የተራራዋ ቀን ሲደርስ ከተማ አይሂዱ» አለው። «ይምጡ። እዚያ ይታይዎታል።» አራማኪ ይህን በማስታወሻው ጻፈው፤ ኋላ በትርኢቱ መጽሔት ላይ የራሱ ጥቅስ ሆኖ አገኘሁት። ኬኩ ግን ጥሩ ነበር።

ትርኢቱ በሦስተኛው ወር ተከፈተ። ለታሱኬ «ጥርስ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ» ብዬ በፈጣኑ ባቡር ቶኪዮ ሄድኩ። የእናቴን የሐር ኪሞኖ ለበስኩ፤ ከሠርጌ ወዲህ ያልሄድኩበት ፀጉር ቤት ገብቼ ፀጉሬን አሠራሁ። ባቡሩ ውስጥ የምናገረውን ስደጋግም አጠገቤ የነበረው ሰው ቦታ ቀየረ። ይቀይር! የአንድ ሰው ስም ነበር በጉሮሮዬ የያዝኩት።

ዓሣው በጥቁር ማቆሚያ ላይ፣ በመብራት ተከብቦ ተቀምጧል። አጠገቡ አራማኪ ስሙን የጻፈበት የእንጨት ሣጥን አለ። ግድግዳው ላይ ርእሱን አነበብኩ፤ «ራስን ማየት» ይላል። ከሥሩ ወይዘሮ ሂሳማ እንዲህ ጽፈዋል፦ አርቲስቱ የገዛ ፊቱን ያለ ርኅራኄ በዓሣ ላይ አሳየን፤ በዘመናችን እንዲህ ራሱ ላይ የሳቀ የለም።

ለካ ሴትዮዋ መልኩን ለይተውታል! ለካ ያለየው እሱ ብቻ ነበር! አራማኪ ከጎኔ ቆሞ ያንኑ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነብ ነበር። ጽሑፉን አነበበ፣ ዓሣውን አየ፣ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ቅንድቡ ሄዶ ኪንታሮቷን ዳበሰ። ፊቱ እንደ ጥሬ ሸክላ ገረጣ። ያቺን ደቂቃ በቀሪ ዕድሜዬ አልቀይራትም። ያኔ ዝም ብዬ ወደ ባቡሬ ብመለስ ኖሮ ንግሥት ነበርኩ።

አፍ ግን ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። መሐል አዳራሽ ገባሁና ጮህኩ።

«ይህን ዓሣ የሠራው ወንድሜ ነው! የካራታኒ እሳት ጠባቂ፣ ታሱኬ! የእኚህ መምህር ፊት የሆነውም በዓመቱ ከእሳቸው የበለጠ ግብዝ ስለጠፋ ነው! ልማዳችን ነው! የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ መምህር!»

ሁሉም ወደ አራማኪ ዞረ። ሁለት ትንፋሽ ያህል አሰበ፤ ቆጥሬበታለሁ። ከዚያ በጉልበቱ ወርዶ ግንባሩን ወለሉ ላይ አደረገ።

«አመሰግናለሁ» አለ። «ይህን ድምፅ ስጠብቅ ነበር። በእጄ በኩል መጣ ስል ማን እንዳመጣው አላወቅሁም ነበር። መንደሩ ነው የሠራኝ። ሸክላው እኔ ነኝ!»

ወይዘሮ ሂሳማ አለቀሱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለእሱ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አጨበጨቡ። እኔም… እውነቱን ልናገር፣ ጎንበስ አልኩ። ሰው ሲያጨበጭብ ጎንበስ ይባላል። ካሜራዎቹ ሲመጡ የኪሞኖዬን አንገት አስተካከልኩ።

በማግሥቱ ጋዜጣው ላይ ግማሽ ገጽ የሚሆን ፎቶዬ ወጣ። «የተራራው ድምፅ፣ ወይዘሮ ኩኒኤ» ይላል። የአራማኪ ስም ዘጠኝ ጊዜ ተጠቅሷል። ታሱኬ «አንድ የመንደሩ አዛውንት» ሆኖ አንድ መስመር ላይ አለ። ስሙ የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ጋዜጣውን ግን አራት ቅጂ ገዛሁ። አንዱን የሻይ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ለጠፍኩት፤ ፀጉሬ አምሮበት ነበር።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሶቹ መጡ። በየእሑዱ ስልኩን የያዘ ሁሉ ወደ እመቤቲቱ መቅደስ እየወጣ ዓሣውን መልሰን የጠቀለልንበትን ወረቀት መፍታት ጀመረ፤ የተልፈሰፈሰውን ጥሬ ዓሣ እያቀፈ ፎቶ ተነሣ። አንዱ ታሱኬን «አባባ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ወደ እሳቱ ይንፉልኝ» አለው፤ እሳቱ ከጠፋ ወራት አልፈውት ነበር። አራማኪ ዛፉን ትቶ «ፊቶች ቁጥር አንድ» ብሎ ጀመረ፤ ሁሉም የራሱ ናቸው፣ ሁሉም ቆንጆ ናቸው። እና እነዚያን ጎብኚዎች መቅደሱ ፊት ቆሞ ልማዱን የሚያስረዳቸው ማን ነበር? እኔ ነኝ። በደንብ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። አንዳንዴ የእናቴን ሐር ለብሼ።

ታሱኬ አንድ ቀን አልተቆጣኝም። ጋዜጣው የተለጠፈበት መደርደሪያ አጠገብ ሲያልፍ በጣቱ ነካ ያደርገውና ያልፋል። በዚያ መጸው ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። የመጨረሻውን እሳት ሙሉ በሙሉ በጆሮው ነው ያነደደው፤ አንድ ሸክላ አልተሰነጠቀም። እቶኑ ሲከፈት ቀድሞ ገብቶ ሸሚዙን አሳብጦ ወጣ። ማንም ምንም አልጠየቀውም።

የእመቤቲቱ ቀን ብራ ሆነ። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች መቅደሱ ፊት ቆምን። አራማኪ አልነበረም፤ ቶኪዮ ስለ ተራራዋ ቀን እያስተማረ ነበር። ታሱኬ ጥቅሉን ወደ እኔ ዘረጋው።

«ዘንድሮ አንቺ ፍቺው፣ ኩኒኤ። እኔ ቋጠሮው አይታየኝም።»

አከበረኝ ብዬ ደስ አለኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ ሕዝቡን አየሁና ወረቀቱን ፈታሁ። በመጀመሪያ ፀጉሩን አየሁ፤ ፀጉር ቤት የተሠራ ነበር። ቀጥሎ የሐር ኪሞኖ አንገት፣ በጥንቃቄ የተስተካከለ። ወገቡ ጭብጨባ እንደሚቀበል ሰው ጎብጧል። ቀሪው ሁሉ አፍ ነው። ግማሽ ዓሣው አፍ ነው፤ መቅደሱን ከነደጃፉ የሚውጥ።

ደሜ ፈላ። ስንት ዘመን ሙሉ! ለማን ብዬ ነበር ቶኪዮ የሄድኩት? ለማን ብዬ ነበር የጮህኩት? ሰዉ ሁሉ አፉን በእጁ አፍኖ ይጠብቀኝ ጀመር፤ ጎንቤ ብቻ የወርቅ ጥርሱ ፀሐይ ላይ እያበራ።

«አፍንጫው የእኔ አይደለም» አልኩ።

«እትዬ ኩኒኤ» አለ ጎንቤ፣ «በጥርሴ ዓመት እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱኑ ነው።»

ኦሳካ የሚኖረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ጥቅሉን እዚያው ወርውሬ ቁልቁለቱን ልወርድ አንድ እግሬን አንሥቼም ነበር። ያኔ ታሱኬ ተናገረ። ድምፁ ከሚያስፈልገው በላይ ዝቅ ያለ ነበር፤ ፊቱም እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ጎን ዞሯል።

«በጣቴ ብቻ ነው የሠራሁት» አለ። «መሰለ?»

ስድሳ ዓመት ስለ ሥራው ማንንም ጠይቆ አያውቅም። አራማኪን አልጠየቀም፣ ሙዚየሙን አልጠየቀም። ይህን ጥያቄ በዓለም ላይ ሊመልስለት የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ያም ሰው ጋዜጣ ላይ ፀጉሩ እንዴት እንደወጣ እያሰበ ዓመት ሙሉ ከረመ። የእሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፤ አፈርኩ፣ እስከ ጆሮዬ አፈርኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ደገምኩት። «እኔ ነኝ! ቁርጥ እኔ!»

ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ኋላ ሆዴን እስኪያመኝ። ጎንቤ ተከተለኝ፣ መንደሩ ተከተለ፣ ከጫካው ወፎች ተነሡ። ታሱኬ ግን ገና አልሳቀም። እሳቱን እንደሚሰማው ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ይሰማኝ ነበር።

«አፉስ?» አለኝ።

«አፉማ» አልኩት፣ «በተለይ።»